በስልክ የታየው ዕቃ ደጅ ካልደረሰ

በገበያ ቀን ጤፍ ሊሸምት የወጣ ሰው እህሉን በመዳፉ ዘግኖ ያየዋል፤ ማር የሚገዛም ቀምሶ ይለየዋል። ዋጋው ሲቆረጥ ገንዘቡ ተከፍሎ ዕቃው ወዲያው ይወሰዳል። በበይነ መረብ ግብይት ግን ገዥው የሚያየው ፎቶግራፍና ጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜም አስቀድሞ ከፍሎ ዕቃውን ይጠብቃል። ሻጭና ገዥን የሚያገናኛቸው እምነት ነው።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ በእጅ ስልክ ገንዘብ መክፈልና መቀበል ለብዙዎች ቀሏል። ልብስ፣ ጫማ፣ በርበሬ፣ ማርና ቡና በቴሌግራምና በፌስቡክ ገጾች ይሸጣሉ። «አለ ተብዬ ከፍዬ የለም ተባልኩ»፣ «ነገ ይደርሳል ተብሎ ሳምንት አለፈው» የሚሉ ቅሬታዎችም አብረው ይሰማሉ።

የዚህ ችግር መንስኤ ሁልጊዜ ማታለል አይደለም። ዕቃውን በገጹ ላይ የሚያስተዋውቀው ሰውና ትእዛዙን አዘጋጅቶ የሚልከው ሰው አለመናበባቸውም ለዚህ ይዳርጋል። ለአብነት 20 ኪሎ ግራም ማር ያለውን ነጋዴ እንውሰድ። ማሩን በቴሌግራምና በፌስቡክ አስተዋውቋል፤ በሱቁም ይሸጣል። በአንድ ቀን በቴሌግራም 12፣ በፌስቡክ 7፣ በሱቁ ደግሞ 5 ኪሎ ግራም ቢሸጥ ድምሩ 24 ይሆናል። የሌለ 4 ኪሎ ግራም ማር ሸጧል ማለት ነው። እንግዲህ ወይ ገንዘብ ይመልሳል፣ ወይ ከሌላ ነጋዴ በውድ ገዝቶ ያሟላል፣ ወይም ጥራቱ ያነሰ ማር ይልካል። ሦስቱም መንገዶች ወይ ገንዘብ፣ ወይ ደንበኛ ያሳጡታል።

መፍትሔው የሚጀምረው በአንድ መዝገብ ነው። ሽያጩ በየትኛውም በኩል ቢመጣ የሚመዘገበው በአንድ ቦታ ሊሆን ይገባል፤ መዝገቡ ተራ ደብተር ቢሆንም ይበቃል። በገጹ ላይ መታየት ያለበት መጠን ከመደርደሪያው ላይ የሚታየው አይደለም። ካለው ዕቃ ላይ ተሽጦ ገና ያልተላከው ይቀነሳል፤ ለስብራትና ለቆጠራ ስሕተት የሚያዘው መጠባበቂያም እንዲሁ። ከ20 ኪሎ ግራሙ 12ቱ ተሽጦ ካልተላከ፣ 2ቱ ደግሞ መጠባበቂያ ከሆነ ለአዲስ ገዥ የሚቀርበው 6 ብቻ ነው። ማሩ ገና መደርደሪያው ላይ ስለተቀመጠ ዓይን ይታለላል፤ ከግማሽ በላዩ ግን አስቀድሞ የሰው ሆኗል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ተሠርቶ ያለቀ የሀገር ልብስና ወደፊት የሚሸመን ልብስ በአንድ ዓይነት ማስታወቂያ ሊቀርቡ አይገባም። ሦስት ሸማኔዎችን የሚያሠራ ሰው ለጥምቀት 40 ቀን ቀርቶታል እንበል። ለስፌትና ለማድረስ 10 ቀን ቢይዝ ለሽመናው 30 ቀን ይተርፈዋል። አንዱን ቀሚስ ለመሸመን 10 ቀን ከፈጀ ሊቀበል የሚችለው 9 ትእዛዝ ብቻ ነው። ዘጠነኛው እንደሞላ «የጥምቀት ትእዛዝ ተጠናቋል» ብሎ መጻፍ ግድ ይላል። ለበዓል የታዘዘ ልብስ በማግስቱ ቢደርስ ፋይዳው ምንድን ነው?

ቦታም ሊታሰብ ይገባዋል። ሻጩ ካለበት ከተማ ውስጥ ለሚገኝ ገዥ በዕለቱ የሚደርስ ዕቃ፣ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ወረዳ ሲላክ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የማድረሻው ቀንና የመላኪያው ዋጋ በየአካባቢው ተለይቶ ገዥው ከመክፈሉ በፊት መገለጽ አለበት።

ለአርሶ አደሩ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ቲማቲም ከተለቀመ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ድንችና ሽንኩርት በአንጻሩ በአግባቡ ከተያዙ ይታገሣሉ። በመሆኑም ቲማቲም ለቅሞ ገዥ ከመፈለግ የለቀማውን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ትእዛዝ መሰብሰብ፣ ከዚያም በትእዛዙ ልክ መልቀም ብክነትን ይቀንሳል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም በየማለዳው የተገኘውን ምርት መጠን ለሽያጭ ሠራተኛው በስልክ የሚያሳውቅ አንድ ሰው ቢመድቡ ገጹና ማሳው ይናበባሉ።

መረጃው በተቃራኒው አቅጣጫም መሄድ አለበት። ዕቃ የሚያደርሰው ሠራተኛ የትኛው ዕቃ እንደሚመለስና ለምን እንደሚመለስ ያውቃል። አንድ ጫማ «ጠበበኝ» እየተባለ ከተመለሰ መታረም ያለበት በገጹ ላይ የተጻፈው ልክ ሊሆን ይችላል። በመጋዘን የተከማቸውን ዕቃ ከገጹ አናት ላይ ማውጣት፣ ያለቀውን ደግሞ ወዲያው ማንሳት የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ሸማቹም መብቱን ሊያውቅ ይገባል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክቶች ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል። ስለሆነም ከመክፈልዎ በፊት ዕቃው አሁን በእጅ መኖሩን፣ የሚደርስበትን ቀንና ካልደረሰ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይጠይቁ። የተጻጻፉትንና የክፍያውን ደረሰኝም አያጥፉ።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። በገጽ ላይ የወጣ ፎቶግራፍም ቃል ነው፤ ሻጩ ከመለጠፉ በፊት መጋዘኑን፣ ቀኑንና መንገዱን ማየት ይኖርበታል።