ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ማሳ

በዚህ ቻናል ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ከጉለሌ ተነስቶ እንጦጦን አቋርጦ ወደ ሱሉልታ የሚወርደውን የብስክሌት ትራክ ላክልን» የሚል። ለምን እንደማልልክ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ስልካችሁ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ሆኖ የሚታየው ነገር መሬት ላይ ሲወርድ የአንዱ ገብስ፣ የሌላው ድርቆሽ፣ የሦስተኛው ጓሮ ነው። የሚያውቁት አንድ ልጅ ሲያልፍ ሰላምታ ሰጥተው የሚሸኙ ገበሬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ ሆኖ የሚመጣ የማያውቁት ሰው አይተው ዱላ ቢያነሱ አልፈርድባቸውም። ያሳለፉት ሰውየውን ነው፤ ትራኩን አላዩትም።

ከሸንተረሩ ወዲህ ያለው ጉዳይ ይቀልላል። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አጥር፣ በርና ጠባቂ አለው፤ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ መንገድም አለው። በምዕራብ በኩል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፤ እዚያም የሚጠየቅ አካል ይታወቃል። አጥር ባለበት ቦታ ጥያቄው «ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ከሚለው ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ጀማሪ የሆናችሁ እዚያው ተለማመዱ፤ ምንም አይጎድልባችሁም።

ሸንተረሩ ራሱ የውኃ መለያ ነው። ወደ ደቡብ የወረደ ጠብታ በቀጨኔ ወይም በቀበና አድርጎ አቃቂ፣ ከዚያም አዋሽ ይገባል። ወደ ሰሜን የወረደው በሙገር በኩል ከአባይ ይገናኛል። አስተዳደሩም፣ የመሬት አያያዙም፣ ብዙ ጊዜ ቋንቋውም የሚለወጠው እዚያው አናት ላይ ነው። ብስክሌተኛው ግን የሚያየው አንድ ወጥ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬኑን ይለቅና ይወርዳል።

ስለ ጫካው አንድ ሁለት ነገር ብዬ ወደ ማሳው ልሻገር። ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መንገዶች ያወጣቸው ብስክሌተኛ አይደለም። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከተተከለ ወዲህ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ አህዮች፣ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጡ ምእመናን እና ሯጮች ናቸው። እንጨት የተሸከመች ሴት ወገቧ ጎብጦ፣ ዓይኗ እግሯ ሥር ሆኖ ነው የምትወርደው። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል፤ ዞር ብላ ከኋላ የሚመጣውን ማየት አትችልም፤ ቆማ ማሳለፍ ማለት ደግሞ ሚዛኗን ማጣት ነው። ስለዚህ የሚወርደው ቅድሚያ አለው፣ የሚወጣው ቅድሚያ አለው የሚለውን የውጭ ክርክር እዚህ እርሱት። እሷን ስታዩ ውረዱ፤ ብስክሌቱን ወደ ዳር አውጡትና አሳልፏት። በንግሥ ቀን ደግሞ በዚያ በኩል ባትሄዱ ይሻላል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። የጭነት መንገድ አጭሩን ስለሚፈልግ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያንኑ ቦይ አድርጎ ይይዘዋል። ጎማ የሰነጠቀውን ውኃ ያሰፋዋል፤ በሦስት በአራት ክረምት ጉልበት የሚደርስ ቦረቦር ይሆናል። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ቀላል መለኪያ አላቸው፦ የመንገዱ ቁልቁለት ከኮረብታው ቁልቁለት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ በአማካይም ከ10 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ተዳፋቱን አግድም እየተከተለ የሚሄድ፣ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘነበለ፣ አልፎ አልፎ ሽቅብ የሚል መንገድ ውኃውን እያፈሰሰ ይሄዳል። ቀጥ ያለው ግን ውኃውን ይዞ ይወርዳል። የሚወርደው ደግሞ ታች ያለ ሰው ደጅ ላይ ነው።

አሁን ከሸንተረሩ ወዲያ።

የሱሉልታ ሜዳ በመስከረም ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ከከተማ የወጣ ሰው የሚያየው ሣር ነው፤ ሣር ደግሞ ለእኛ ባዶ ቦታ ነው። የብዙው ጸብ መነሻ ይህ ይመስለኛል። ገብስ ላይ የሚነዳ ብስክሌተኛ እምብዛም አላየሁም፤ ገብስ መሆኑን ማንም ያውቃል። ሣሩ ላይ ግን ሁሉም ይነዳል። ያ ሣር ክረምቱን ሙሉ ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ የቆየ፣ ክረምቱ እንደወጣ በማጭድ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች የሚሸጥ ድርቆሽ ነው። የባለቤቱ የዓመት ጥሬ ገንዘብ እዚያ ላይ ነው ያለው። ጎማ የተኛበት ሣር ለማጭድ አይመችም፤ ጭቃ የነካውንም ገዢ አይወደውም። የራሱን ጥጃ አስሮ ያሳደገውን ሣር ብስክሌት ሲሄድበት ያየ ሰው ቢቆጣ ምን ይገርማል?

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ሜዳው ጥቁር ኮትቻ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ጎማ ሲያልፍበት ይጠቀጠቅና ውኃ የሚያቁር መስመር ይቀራል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የፊት ጎማችሁን የሚውጥ ስንጥቅ አለ፤ ያኔ የሚጎዳው መሬቱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ሌላው አውድማ ነው። ክብ፣ ድልድል ያለ፣ በእበት የተለቀለቀ ቦታ ካያችሁ ብስክሌት ማዞሪያ አይደለም። እህል የሚወቃበት፣ ሰው ተጨንቆ ያዘጋጀው ንጹሕ ቦታ ነው። አንድ ጊዜ በጎማ ከተላጠ እንደገና መለቅለቅ አለበት።

ደግነቱ ገበሬው ራሱ መሬቱን የሚዘጋበትና የሚከፍትበት የቆየ የቀን መቁጠሪያ አለው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ማሳው ዝግ ነው። አጨዳውና ውቂያው ሲያልቅ ከብት ወደ ቃርሚያው ይለቀቃል፤ ያኔ የአንዱ ከብት በሌላው ማሳ ላይ ቢያልፍ ብዙም የሚከፋው የለም። ከጥር ወዲህ፣ የበልጉ ዝናብ ጥሎ የመጀመሪያው እርሻ እስኪጀመር፣ ሰውም ከብትም ያቋርጣል። እኛም ማቋረጥ ያለብን በዚያ ወቅት ነው። በቀሩት ወራት የሚሆነን ወበሩ ነው፤ በሁለት ማሳ መካከል ሳይታረስ የሚተወው የሣር መስመር። እሱም ሲፈቀድ፣ ብስክሌቱን እየገፉ፣ ተራ በተራ። ወበሩ የድንበር ምልክት ስለሆነ የተናደ ወበር በጎረቤታሞች መካከል ክስ ይጀምራል፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ።

«ፈቃድ ማንን ነው የምንጠይቀው?» ለምትሉ፣ እዚህ ጋ የእኛ አገር ነገር ከሌላው ይለያል። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት በግል ባለቤትነት አይያዝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው የሁላችንም ነው» የሚል ብስክሌተኛ ሰምቻለሁ። ትልቅ ስሕተት ነው። ያው አንቀጽ ለአርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ይሰጣል። የይዞታ ደብተር የያዘ ሰው መሬቱን አይሸጥም እንጂ በእርሻው ላይ ማን እንደሚሄድ የመናገር መብት አለው። ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የተገኘ ደብዳቤ ማሳው ውስጥ ቆሞ ከሚያርመው ሰው ፈቃድ አይበልጥም። በብዙ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ስለሚሠፍር ባልየውን ብቻ አነጋግሮ መመለስም ግማሽ ፈቃድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነው። ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች። ከዚያ በፊትም በ2006 ዓ.ም የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነስቶ፣ ዕቅዱ በ2008 ዓ.ም ተሰርዟል። ከተማ እየገፋ መሬቱን ሲወስድ በዓይኑ ያየ ሰው ሰፈር ውስጥ፣ ራስ ቁር አድርጎ፣ ስልክ ዘርግቶ፣ ማሳ እየተመለከተ ነጥብ የሚይዝ እንግዳ ምን ይመስላል? ቀያሽ ይመስላል። «ስፖርት ነው» ብንል አይታመንም፤ ባይታመንም አያስወቅስም። ስለዚህ ቁሙ፣ ከብስክሌት ውረዱ፣ መነጽር አውልቁ፣ «አካም ጅርቱ» በሉ። ፎቶና ካርታ በኋላ ይደርሳል፤ ባይደርስም ይቅር።

በጋራ መሬት ላይ ሥርዓት ማበጀት ከፈረንጅ የምንማረው ነገር አይደለም። መንዝ ጓሳን አስቡ። በሰሜን ሸዋ፣ ከ3200 ሜትር በላይ ያለው የጓሳ ሣር ለዘመናት የተጠበቀው በአስቦና በጌራ ዘሮች ስምምነት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ አጭዶ የሚወስደውም የሚያግደውም ከሥርዓቱ አይወጣም፤ የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ አዋጅ የቆመበትን መሠረት ሲያናጋው ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ አደራጅቶ ቀጠለው። እዚያ የሠራው የአጥሩ ብዛት አልነበረም። የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን እንደሆነ ሁሉም ማወቁ ነው።

ከውጭም ሁለት ምሳሌ ይጠቅመናል። ስኮትላንድ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የመሬት ሕግ ማንም ሰው በእግሩም በብስክሌቱም በሌላው መሬት ላይ በኃላፊነት ማለፍ ይችላል። ሰብል የተዘራበት ማሳ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ የማሳው ጠርዝ ደግሞ እንደ ሰብል መሬት አይቆጠርም። ወበራችንን በሕግ ጻፉት ማለት ነው።

ሁለተኛው የአሜሪካዋ ቨርሞንት ናት። ኢስት በርክ በምትባል ትንሽ መንደር ኪንግደም ትሬይልስ የተባለ ማኅበር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 100 በሚጠጉ የግል ባለመሬቶች መሬት ላይ ከ160 ኪሎ ሜትር ያላነሰ የብስክሌት መንገድ ዘርግቷል። መንደሩ በዚህ ይኖራል፤ ምግብ ቤቱ፣ ማደሪያው፣ ጥገናው። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ግን ሦስት ባለመሬቶች «ከአሁን በኋላ ብስክሌት በመሬታችን አያልፍም» አሉ። ሦስት ብቻ። የነሱ መሬት ግን የመረቡ እምብርት ላይ ስለነበር የተወደዱት መንገዶች ተቆረጡ። ሕጉ ከባለመሬቶቹ ጋር ነበር፤ የሚከሳቸው አልነበረም። ብስክሌተኛው እየበዛ ሲሄድ የሚያልፍበት ሰው ትዕግሥት አብሮ እንደማይበዛ ያኔ ታየ። መቶ ሰው ፈቅዶ አንዱ ቢዘጋ መንገዱ ተዘግቷል፤ ያ አንዱ መሐል ላይ ከሆነ።

ስለ ገንዘብ እዚህ ቻናል ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ እኔ አሁንም በየማለፊያው ለባለማሳው ብር መቁጠርን አልደግፍም። አንደኛ፣ የተከፈለው ሰውና ያልተከፈለው ጎረቤቱ ይጣላሉ፤ መንገዱ የሚያልፈው በሁለቱም ነው። ሁለተኛ፣ ኃላፊነት የሚባል ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። የገበሬው ውሻ ብስክሌተኛ ቢነክስ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገበሬው ያውቃል፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ነው የሚጨነቀው። ቨርሞንት ውስጥ መሬቱን ያለ ክፍያ ለመዝናኛ የከፈተን ሰው ከክስ የሚከልል ሕግ አለ፤ ሲያስከፍል ከለላው ይቀራል። እኛ ጋ ያን የመሰለ ከለላ ሳይኖር ክፍያ ማስለመድ ገበሬውን ወደማያውቀው ጣጣ ማስገባት ነው። በራሳችሁ ጥፋት ብትወድቁ፣ ውሻም ቢነክሳችሁ ባለማሳውን እንደማትጠይቁ አስቀድማችሁ በሽማግሌ ፊት ተናገሩ። በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

ገንዘቡስ? የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው የመረጡት ሥራ ላይ ይዋል። የተሸረሸረ መሻገሪያ ይኖራል፤ የተናደ እርከን ይኖራል። የጠየቅነው ሁሉ መንገዱን የሚመለከት ነገር ነው የነገረን፤ ልጆቹ ለትምህርት፣ እሱ ለገበያ የሚሄዱት በዚያው ነውና። ያንን ብንጠግን ብስክሌቱ የሚያልፍበትም ያው ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት የያዝነው ይህ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ቀጥ ብሎ የወረደውን የጭነት መንገድ ውኃ ማፍሰሻ እናወጣለታለን፤ መንገዱን የሚጠቀሙት እናቶች የት እንደሚያዳልጣቸው ነግረውናል፤ ከዚያ እንጀምራለን። ከሸንተረሩ ወዲያ እስከ ኅዳር መጨረሻ አንወርድም። በታኅሣሥ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሆነን፣ ኦሮምኛ የሚችል አብሮን ሆኖ፣ በእግር እንሄድና ባለይዞታዎቹን ቤት ለቤት እናነጋግራለን። እንቢ ያለ ካለ መስመሩ በሱ ማሳ አያልፍም፤ ዙሩ ቢረዝምም ይርዘም። ከዚህ በፊት በዚያ በኩል ነድታችሁ ስትራቫ ላይ የለጠፋችሁ፣ ለጊዜው ለራሳችሁ ብቻ እንዲታይ አድርጉት። ለእሑዱ ሥራ ዶማ፣ አካፋና ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ብስክሌቱን ቤት አስቀምጡት።