የወደቀው አደባባይ በአልፋማ ግድግዳ ላይ

ሊዝበን የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ አልፋማ ሰፈር ወጥታችሁ ሳንታ ሉዚያ ቤተ ክርስቲያን ጋ ሳትቆሙ እንዳትመለሱ! እዚያ የወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ቴዦ ወንዝ ላይ ነው። እናንተ ግን ዞር በሉና የቤተ ክርስቲያኑን የውጭ ግድግዳ እዩ። አንቶኒዮ ኳሬዝማ በሰማያዊና በነጭ ሴራሚክ ላይ የሣላቸው፣ ቪዩቫ ላሜጎ የተባለው ነባር ፋብሪካ የሠራቸው ሁለት ሥዕሎች አሉ።

አንዱ እ.ኤ.አ. በ1147 ክርስቲያኖቹ ከላይ ያለውን ምሽግ ከሙስሊሞቹ ሲወስዱ ያሳያል። ማርቲም ሞኒዝ የተባለው ባላባት በሩ ሊዘጋ ሲል ሰውነቱን መሐል ሸጉጦ ሞተ፣ ጓዶቹም በዚያች ክፍተት ገቡ ይባላል።

እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላኛው ነው። ከታች በወንዙ ዳር የነበረውን የቤተ መንግሥት አደባባይ ከ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በፊት እንደነበረ ያሳያል። ያን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 1፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፣ ምድር ተናወጠች፤ ማዕበሉና እሳቱ ተከተሉ። ቤተ መንግሥቱ ጠፋ፤ ከተመረቀ ገና ሰባት ወር የሆነው ኦፔራ ቤትም አብሮ ሄደ። ንጉሥ ዦዜ ከዚያ ወዲያ የድንጋይ ቤት ፈርተው በእንጨት ቤትና በድንኳን ኖሩ። አልፋማ ግን አለታማ ኮረብታ ላይ ስለሆነች አብዛኛው ቤቷ ተረፈ። የተረፈው ሰፈር የወደቀውን አደባባይ በግድግዳው ላይ መያዙ ደስ አይልም? ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለው፦ ንግሥት እሌኒ መልእክተኛ አድርገው የላኩትን ማቴዎስን በ1514 ሊዝበን ላይ የተቀበሉት ንጉሥ ማኑኤል፣ ያንን የወንዝ ዳር ቤተ መንግሥት ያሠሩት ናቸው።

የሥዕሎቹን አሠራር ስታውቁ ደግሞ ይበልጥ ትገረማላችሁ። አንዴ የተጠበሰው ሸክላ ኋላ የሚያብረቀርቅ ነጭ ልባስ ይፈስበታል። ልባሱ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ስለሚሆን ብሩሽ ገና ሲነካው ቀለሙን ይመጠዋል፤ የተሳሳተ መስመር በቀላሉ አይታረምም። ለሰማያዊው የሚውለው ኮባልት የተባለው ቀለምም ሲቀባ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው 1,000 ዲግሪ ገደማ በደረሰ እቶን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ሰማያዊውን በሐሳቡ እያየ በግራጫ ይሥላል።

ቀረብ ብላችሁ መጋጠሚያዎቹን ተመልከቱ። አንድ የብሩሽ መስመር ከአንዱ ሴራሚክ ተነሥቶ ሳይሰበር ወደ ሌላው ይሻገራል። እንዲህ ያለ ሥዕል ሲሠራ ሴራሚኮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው አንድ ላይ ይሣላሉ፤ ከዚያ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጽፎ እቶን ይገባሉ፤ ግንበኛውም በቁጥሩ እየተመራ ግድግዳው ላይ መልሶ ይገጥማቸዋል።