ችግኝ የሚሞተው በጥም ነው፦ ዩሪያ፣ ውርጭ እና የደብረ ብርሃን ጎመን

የመጀመሪያዎቹን ስልሳ የጥቅል ጎመን ችግኞች የገደልኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። ደብረ ብርሃን ለትምህርት በሄድኩበት ዓመት፣ የተከራየሁበት ግቢ ጥግ ላይ ባዶ መሬት ነበር። መስከረም ላይ ዘር ገዝቼ ዘራሁ። ሁሉም ሁለት ሁለት ቅጠል ይዘው ቀጥ ብለው ሲቆሙ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቶሎ ይደጉልኝ ብዬ፣ በሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ውስጥ ሦስት ክዳን ዩሪያ በጥብጬ አጠጣኋቸው። በማግስቱ የቅጠላቸው ጫፍ ተለበለበ፣ በአራተኛው ቀን አብዛኞቹ ደርቀው ተኙ። የግቢው ባለቤት እማማ መጥተው አዩና «ልጄ፣ አራስ ልጅ ጥሬ ሥጋ ይበላል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ፣ አንድ ነገር ሲበላሽብኝ ስህተቱን በቁጥር ካላየሁት አይወጣልኝም። ይህን ሳሰላ ያገኘሁትን ነው የማጫውታችሁ። በጓሮም ይሁን በረንዳ ላይ፣ በተቆረጠ ጀሪካንም ቢሆን ችግኝ ልታፈሉ ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል።

ዘር ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው

አንድ ባቄላ ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ልጡን ግፈፉት። ለሁለት ይከፈላል፤ በመሃሉ አንዲት ትንሽ ጭራ የመሰለች ነገር ታያላችሁ። ተክሉ እሷ ናት። ሁለቱ ወፋፍራም ክኮች ደግሞ ስንቋ ናቸው፤ ስታርችና ፕሮቲን የታጨቀባቸው። ባቄላ ስንቁን አፈር ውስጥ ትቶት ይወጣል፤ ጎመን ግን ይዞት ይወጣል። የጎመን ችግኝ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ሁለት የልብ ቅርጽ ያላቸው ለስላሳ ቅጠሎች ይኸው ስንቅ ናቸው። እውነተኛው የጎመን ቅጠል ዳር ዳሩ ወጣ ገባ ያለው፣ ከመሃል በኋላ የሚመጣው ነው።

ስለዚህ እውነተኛው ቅጠል እስኪወጣ ድረስ ችግኙ ከእናንተ የሚፈልገው ውሃ፣ ብርሃንና አየር ያለው አፈር ብቻ ነው። እኔ ዩሪያ ያጠጣሁት ስንቁን ገና በልቶ ላልጨረሰ ሕፃን ነበር። እማማ ልክ ናቸው።

ሦስት ክዳን ስንት ነው?

ዩሪያ ውስጥ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ከረጢቱ ላይም ተጽፏል። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ወደ 4 ግራም ዩሪያ ይይዛል። ሦስት ክዳን 12 ግራም ሆነ። በሁለት ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ በሊትር ወደ 2,760 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይመጣል። ለጨቅላ ችግኝ በተለምዶ የሚመከረው በሊትር ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ነው። ማለትም ከሚያስፈልገው ሠላሳ እጥፍ ያህል ሰጥቻለሁ።

ግን ምግብ ሲበዛ ለምን ይገድላል? ቋንጣ ሲዘለዘል ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሥጋው ላይ ጨው ሲነሰነስበት ውሃ ያወጣል። ውሃ ሁልጊዜ የሚሄደው ብዙ ነገር ወደ ሟሟበት አቅጣጫ ነው። የሥር ሴል ከአፈር ውሃ የሚስበው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከአፈሩ ውሃ ይልቅ በስኳርና በማዕድን የበለጸገ ስለሆነ ነው። አፈሩን በዩሪያ ስታጨቁት ስበቱ ይዳከማል፣ ሲብስም ይገለበጣል። የእኔ ሃይላንድ ውስጥ የነበረው ብጥብጥ የሚፈጥረው ስበት 2.4 ባር ገደማ ነው፤ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ይቀራረባል። ያንን ሁሉ የሚታገለው ከክር የቀጠነ ሥር ነው። ጠዋት ያጠጣሁት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያደርቀው ደግሞ ብጥብጡ ይበልጥ ይወፍራል።

ሌላም አለ። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ዩሪያን ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል። በረት ውስጥ ዓይናችሁን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። ጥቂቱ ለተክል ምግብ ይሆናል፤ ብዙው ግን ለጋ ሥር ያቃጥላል።

ትክክለኛው መጠን ሲሰላ እንዲህ ይወጣል፦ አንድ ክዳን ዩሪያ ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ። በሊትር 92 ሚሊግራም ናይትሮጅን ማለት ነው። እሱም ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ከወጣ በኋላ፣ በሳምንት አንዴ፣ በመሃል በንጹህ ውሃ እያጠባችሁ። ደግሞ ይቺን ክዳን መልሳችሁ ለሚጠጣ ነገር እንዳትጠቀሙባት።

እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት አፈሩ ውስጥ ከተቀላቀለ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዩሪያም ላያስፈልግ ይችላል። ኮምፖስት ናይትሮጅኑን በቀስታ ነው የሚለቀው፤ እንደ እኔ ያለውን ችኩል ሰው ይታገሳል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለው ችግር ግን ሌላ ነው። ደጋው ላይ ማገዶ እጥረት ስላለ የከብቱ ፍግ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀረው ፖታሲየም፣ ፎስፈረስና ካልሲየም ነው። አመድ ጥሩ ነው፣ ግን ቅጠል የሚያሳድገው ዋናው ነገር አብሮት የለም። ብዙ አመድ መጨመርም አፈሩን ጨዋማ ያደርገዋል፣ እንደገና ወደ ቋንጣው ታሪክ እንመለሳለን።

ስለ ውሃ ባጭሩ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ብዙው መሬት መረሬ ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሊጥ፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ። ሥርም ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ደግሞ በውሃ ውስጥ የሚያልፈው በአየር ውስጥ ከሚያልፈው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። መረሬውን በአሸዋና በኮምፖስት አላልታችሁ፣ መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ጠዋት አጠጡ። ማታ ካጠጣችሁ አፈሩ እንደረጠበ ያድርና ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን የግንዱን ግርጌ ይበሉታል። ችግኙ ከአፈሩ አጠገብ ወገቡ ቀጥኖ በአንድ ሌሊት ከወደቀ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። የወደቀውን ነቅላችሁ ጣሉ፣ ውሃውን ቀንሱ፤ የቆሙት ሊተርፉ ይችላሉ።

ሁለተኛው ዙር

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እንደገና ዘራሁ። አሁን በልኬት አጠጣሁ፣ በልኬት መገብኩ። ኅዳር አጋማሽ ላይ አራት አራት ቅጠል ነበራቸው። አንድ ማታ እማማ ሰማዩን አንጋጠው አይተው «ዛሬ ውርጭ ይጥላል፣ አልብሳቸው» አሉኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ ነፋስም የለም። ቆንጆ ምሽት ነው ብዬ ነበር እኔ። ለማንኛውም ቤት ውስጥ የተገኘችውን አንዲት ባዶ ማዳበሪያ በእንጨት ደግፌ ዘረጋሁ፣ ከላዩ ጭድ በተንኩበት። የደረሰው ለግማሹ መደብ ብቻ ነበር። ጠዋት ክፍት ያደረው ግማሽ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተዘርግቷል። ከማዳበሪያው ሥር ያለው ምንም አልሆነም።

(ማዳበሪያው የጎዳኝን ያህል ማዳበሪያው አዳነኝ ስል እማማ ገባቸውና ሳቁ። ለከረጢቱም ለውስጡም አንድ ስም መስጠታችን ለቀልድ ይመቻል።)

እማማ ቴርሞሜትር የላቸውም፣ ታዲያ እንዴት አወቁ? ያነበቡት ሰማዩን ነው። ማንኛውም ነገር ሙቀቱን በማይታይ ጨረር፣ በኢንፍራሬድ፣ ያለማቋረጥ ይለቃል። 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ መሬት በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 340 ዋት ይለቃል፤ ይህ ለአንድ ካሬ ሜትር ሦስት የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖሎች እና ትንሽ ትርፍ ማለት ነው። ቀን ላይ ፀሐይ ትተካዋለች። ሌሊት የሚመልሰው ሰማዩ ብቻ ነው፤ ሰማይ የሚመልሰው ደግሞ ደመናና የውሃ ትነት ሲኖረው ነው። ደመና የመሬት ጋቢ ነው በሉት።

አሁን ደብረ ብርሃንን አስቡ። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር። አየሩ ስስ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የበጋ ወቅት ደግሞ ደረቅ ነው፣ ደመና የለም። ጋቢው ተገፏል ማለት ነው። መሬቱና ቅጠሉ ሙቀታቸውን ወደ ላይ ይለቃሉ፣ የሚመለስላቸው ግን ጥቂት ነው። ነፋስ ቢኖር ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር አውርዶ ይቀላቅል ነበር፤ እሱም ከሌለ መሬት ላይ ያለው ነገር ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ሰው ቁመት ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 2 ዲግሪ እያለ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ የምታዩት። ብርዱ የሚብሰውም ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ቅጠሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ደግሞ እኔን በጣም የገረመኝ ነው። በረዶው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሴሉ ውስጥ ሳይሆን በሴሎች መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ እዚያ ያለው ውሃ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይረጋል። የረጋው በረዶ ደግሞ ከሴሉ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያድጋል። ሴሉ ይጨማደዳል፣ ቆዳው ይቀደዳል፤ ጠዋት በረዶው ሲሟሟ ውሃው በየቦታው ይፈስና ቅጠሉ የተቀቀለ ይመስላል። ከዩሪያው ጋር አመሳስሉት። የመጀመሪያው ዙር ውሃውን በአፈሩ በኩል ተነጠቀ፣ ሁለተኛው ዙር በበረዶው። ሁለቱም የሞቱት እርጥብ መሬት ላይ ቆመው በጥም ነው።

ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ለችግኝም የሚያስፈልገው ያው ነው። ልብሱ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፣ የመሬቱን ሙቀት ነው የሚይዘው። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ አልብሱ፤ ጠርዙ መሬት ይንካ፣ ጨርቁ ግን ቅጠሉን አይንካ። ስስ የሆነ ግልጽ ላስቲክ ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ ኢንፍራሬድን በአብዛኛው ያሳልፈዋል። የእኔም ማዳበሪያ ስስ ነበር፤ ዋናውን ሥራ የሠራው ጭዱ ይመስለኛል። ውርጭ በሚጠበቅበት ቀን ጠዋት አፈሩን ማጠጣትም ይጠቅማል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት አከማችቶ ሌሊት ይለቃል። ጠዋት ፀሐይዋ ስትበረታ ልብሱን አንሱላቸው።

አንኮበር ላይ ጨዋታው ይለያል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ሜዳው ያልቅና ገደሉ ይጀምራል። አንኮበር ዝቅ ማለቷ አንድ ነገር ነው፤ ግን ተዳፋትነቷም ይረዳታል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ተዳፋቱ ላይ ሳይቆም ወደ አልዩ አምባ አቅጣጫ ይወርዳል። የደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ግን መሄጃ የለውም፣ ረባዳው ውስጥ ይተኛል። ለዚህ ነው ገበሬ ስለ ማሳው ስትጠይቁት ውርጭ የሚመታውን ረባዳ ነጥሎ የሚያሳያችሁ። እናንተም መደባችሁን የግቢው ዝቅተኛ ጥግ ላይ አትሥሩ። የእኔ እዚያው ነበር፤ ከታች በኩል ያለው የድንጋይ አጥር ደግሞ ቀዝቃዛውን አየር እንደ ግድብ ይዞ ያሳድረዋል።

«ጎመን እኮ ብርድ ይችላል» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እውነት ነው፣ ከለመደ። ችግኝ ብርዱን ቀስ በቀስ ሲቀምስ ሴሉ ውስጥ ስኳር ያከማቻል፣ ስኳሩ ውሃውን ይይዛል፣ በረዶው በቀላሉ አይነጥቀውም። በናይትሮጅን ተቀማጥሎ ያደገ ግን ቅጠሉ ለስላሳና ውሃ የሞላው ስለሆነ ቀድሞ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ዋናው መደብ ከማዛወራችሁ አሥር ቀን በፊት ዩሪያውን አቁሙ፣ ውሃውን ቀነስ አድርጉ፣ ልብሱን መጀመሪያ ለጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ውርጭ በሌለበት ሌሊት ሙሉውን እያነሳችሁ አለማምዷቸው።

ከማዳበሪያው ሥር የተረፉትን እንዲሁ አድርጌ ታኅሣሥ ላይ ከፍ ወዳለው ጥግ አዛወርኳቸው። ለገና አልደረሱም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ከእማማ ጋር ስንካፈል፣ ትልቁን ጥቅል እሳቸው ወሰዱት።