የድረ ገጽ ሠሪው ወጪ በዶላር፣ ገቢው በብር

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱና በሻሸመኔ ሆቴሉም፣ የትራንዚት ድርጅቱም፣ የግል ክሊኒኩም ድረ ገጽ ማሠራት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ሥራውን ከሚቀበሉት መካከል ቢሮ ሳይከፍቱ በአንድ ላፕቶፕ በግላቸው የሚሠሩ ወጣቶች ይገኙበታል። አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ በመሆኗ የሙያው ሰው አይታጣባትም። የሚያስቸግረው የመሣሪያው ዋጋ ነው። መሣሪያ ስንል ላፕቶፑን ሳይሆን በውስጡ የሚጫኑትን ሶፍትዌሮች ማለታችን ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት ሶፍትዌር እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በባንክ ምንዛሪ 1,140 ብር ገደማ ያስወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረና ያው ሶፍትዌር ከ2,000 ብር በላይ ሆነ። ከሆቴል ጋር በብር የተዋዋለው ሠሪ ግን ዋጋውን በየወሩ ልከልስ ማለት አይችልም። እንዲህ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ሦስትና አራት የተደራረበበት ሰው የሚሠራው ለሶፍትዌሩ ባለቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክፍያው የሚፈጸመው በዓለም አቀፍ ካርድ መሆኑ ደግሞ ሌላው ራስ ምታት ነው።

ስለሆነም በዚህ ገበያ የሶፍትዌር የመጀመሪያው መመዘኛ ነጻ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ሁለተኛው ቅንጦት የሚመስለው ካለ ሰኔ 2012 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት የተቋረጠው ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፍቶ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠበት ሰው እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

በሁለቱ መመዘኛዎች የሚያልፉ አሉ። ኮድ ለመጻፍ ማይክሮሶፍት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዛምፕ የተባለው ጥቅል የራስን ላፕቶፕ እንደ ሰርቨር ያገለግል ዘንድ ያደርጋል። ስለዚህ ዎርድፕረስን በላዩ ጭኖ የሆቴሉን ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቤት ውስጥ መጨረስ ይቻላል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ስለሚመዘግብ፣ ደንበኛው «የበፊቱ ይሻል ነበር» ባለ ጊዜ (ማለቱም አይቀርም) ወደ ኋላ መመለስ የደቂቃ ሥራ ይሆናል። ለፎቶ ጊምፕ፣ ለአርማ ኢንክስኬፕ አሉ። ፊግማ ለንድፍ የተወደደ ቢሆንም ያለ ኢንተርኔት ብዙም አይራመድም።

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ለምን አይጫንም የሚል አይጠፋም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም የሚጠብቅ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ የባሰው ጉዳት ያለው በዎርድፕረስ ላይ ነው። ከየቦታው በነጻ የሚወርድ «የተሰበረ» የገጽ ንድፍ በውስጡ ለሰርጎ ገብ የተተወ በር ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው በሆቴሉ፣ ስሙ የሚጠፋው ግን የሠሪው ነው።

አሁን ወደ አካባቢው ልዩ ጉዳይ እንምጣ። የዚህ አገር ደንበኛ አማርኛም፣ አፋን ኦሮሞም፣ እንግሊዝኛም ይፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፤ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያሉ ፊደሎችም በነጻ ይገኛሉ። ደንበኛው በድሮ የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ካመጣ ግን ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናልና መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይኖርበታል። ቁቤም የራሱ ጠባይ አለው። ረጅም አናባቢና ጠባቂ ድምፅ በፊደል ድግግሞሽ ስለሚጻፉ፣ አማርኛው «ግባ» ብሎ በሁለት ፊደል የጨረሰውን አፋን ኦሮሞው «ሴኒ» ለማለት አምስት ፊደል ይወስድበታል። በአማርኛ ተለክቶ የተሠራ ቁልፍ ይጠበዋል።

የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን ክፍል የሚፈልግ እንግዳ 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ ምን ይሙላ? «ከጧቱ 2 ሰዓት» ያለውንስ ሶፍትዌሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ቢመዘግበው? ዘመናዊ አሳሾች ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የማሳየት ችሎታ በውስጣቸው ስላላቸው ለዚህ ብቻ ተጨማሪ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ሰዓቱን ግን ሠሪው ራሱ ማሰብ አለበት።

የፎቶ ክብደትም ገንዘብ ነው። አራት አራት ሜጋባይት የሆኑ 20 ፎቶዎች 80 ሜጋባይት ይሆናሉ፤ የሚከፍለውም ገጹን በስልኩ ጥቅል የከፈተው ሰው ነው። እያንዳንዱ ወደ 150 ኪሎባይት ቢወርድ ሁሉም ተደምረው ሦስት ሜጋባይት ናቸው። ጊምፕ ይህንን ያለ ክፍያ ይሠራል።

ክፍያ ለመቀበል ውጭ አገር የታወቀው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለን ድርጅት አያስተናግድም። እዚህ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር፣ እንዲሁም የተለያዩ የክፍያ መንገዶችን በአንድ የሚያገናኙ እንደ ቻፓ ያሉ ድርጅቶች አሉ። የገጹን ደኅንነት የሚያረጋግጠውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል። ሠሪው ለድካሙ ቢያስከፍል ተገቢ ነው፤ ሰርተፊኬቱን እንደገዛው አድርጎ በየዓመቱ ማስከፈል ግን ሌላ ነገር ነው።

ደንበኛውም የሚያየው አለው። በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቀው የአገር ውስጥ የድረ ገጽ ስም በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ይመዘገባል። የ«ዶት ኮም»ን ስም ብዙ ጊዜ ሠሪው በካርድ ከፍሎ ይገዛዋል። ከውሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ስሙ በማን ስም እንደሚመዘገብና የይለፍ ቃሉ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ነው። በሠሪው ስም የተመዘገበ ከሆነና ሁለቱ ከተጣሉ፣ ሆቴሉ ሰሌዳው ላይ ያስጻፈው አድራሻ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ይገኛል።