የፈረንጅ ቃሪያ በጓሯችን

እዚህ ናይሮቢ ገበያ ላይ «ሆሆ» ብለን የምንገዛው፣ አዲስ አበባ የፈረንጅ ቃሪያ የሚባለው፣ ለዓይን ከበርበሬያችን የራቀ ይመስላል። ግን ዝርያቸው አንድ ነው፤ የሁለቱም የሳይንስ ስም ካፕሲከም አኑም ነው። መነሻቸውም አሜሪካ ስለሆነ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕር ከመሻገሩ በፊት በእኛም አገር ድስት ውስጥ በርበሬ የሚባል አልነበረም። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የፈረንጅ ቃሪያ ይህን የመሥራት ችሎታ በዘሩ የለውም።

የአትክልት ክበባችን ይህን ተክል የመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። በብዙዎቻችን ቤት ጨጓራቸውን የሚያማቸው አያት ወይም ቃሪያ አፋቸው የማይቀርብ ታናናሾች አሉ። የጾም ስንግ ሲቀርብ እነሱ ያያሉ እንጂ አይበሉም። ሽንኩርቱና ሎሚው ያው ሆኖ ቃሪያው ብቻ ቢቀየር ሁሉም ከአንድ ትሪ መብላት ይችላል።

ጊዜውን ማወቅ ከሁሉ ይበልጣል። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ፣ ወይም ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ተክሉ አበባውን ያረግፋል። ብዙ ወላጆች «አበባ አወጣ፣ ፍሬ ግን እምቢ አለ» ብለው ነቅለው የሚጥሉት በዚህ ጊዜ ነው፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ያው ተክል መልሶ ያብባል። ስለዚህ ዘሩን ነሐሴ አጋማሽ ላይ በሳጥን እንዘራና ሳጥኑን ወጥ ቤት፣ ሙቀት ባለበት እናስቀምጣለን። ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ አፈር ይስማማዋል፤ ሙቀቱን ካገኘ ከ8 እስከ 14 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሞላው ችግኝ የጥቅምቱ ዝናብ ሲጀምር ወደ መደብ ይዛወራል። ከዚያ በ70 ወይም በ80 ቀን አረንጓዴው ፍሬ ይደርሳል፤ ጾመ ነቢያት ሳይፈታ ማለት ነው።

በችግኞቹ መካከል 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። ፍጉ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ናይትሮጅን የበዛበት ተክል ደግሞ ቅጠሉ ለፎቶ ያምራል፣ ለድስት ግን የሚሰጠው ነገር የለም። ባለፈው ወቅት ቲማቲም፣ ድንች ወይም ደበርጃን የነበረበትን መደብ እንለፈው፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታቸው ይወራረሳል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ቤተሰቦችም አልቀረባችሁም፤ አፉ የተቆረጠና ከሥሩ የተበሳ የ20 ሊትር ጄሪካን ለአንድ ተክል ይበቃዋል፣ ፀሐይ በቀን 6 ሰዓት ካገኘ።

ውኃ ላይ ጠንቃቃ መሆን ያስፈልጋል። አንድ ሳምንት አድርቆ በማግስቱ ማጥለቅለቅ የፍሬውን ጫፍ ያጠቁረዋል። ብዙዎች ይህን በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ይገዛሉ፤ ነገሩ ግን ካልሲየም በወጉ ወደ ፍሬው ባለመድረሱ የሚመጣ ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ከውኃው ጋር ስለሆነ ውኃውን ማስተካከል፣ አፈሩንም በደረቅ ሣር መሸፈን ይረዳል። ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥር ሲታይ ለዘብ ባለ የሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃል።

አረንጓዴና ቀይ የሚሸጡት ሁለት ዓይነት አይደሉም። አረንጓዴው ያልበሰለው ነው፤ ግንዱ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ከታገሡት ይቀላል ወይም ይቢጫል፣ ይጣፍጣልም። ቀዩ ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። ታዲያ ከየተክሉ የመጀመሪያዎቹን በአረንጓዴው ለስንግ መቁረጥ፣ የቀሩትን ለገና ማቆየት ይሻላል። ሲቆረጥ በመቀስ ይሁን፤ ቅርንጫፉ ሲጎተት ይሰበራል።

በወላጆች ቀን በተደጋጋሚ የተነሣ ጥያቄ አለ፦ የፈረንጁን ቃሪያ ከሚያቃጥለው ጎን ብንተክለው ያቃጥላል ወይ? የዘንድሮው ፍሬ አያቃጥልም፤ ሥጋው የእናት ተክሉ ነውና። ንብ ዱቄቱን ካዋሰደች ግን ለውጡ የሚገባው ዘሩ ውስጥ ነው። ከዚያ ዘር በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው የሚያቃጥል ይሆናል፤ አያትም ሳይጠረጥሩ ይነክሱታል። ዘር ለማስቀረት የምታስቡ፣ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት በስስ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ፍሬ ሲይዝም ክር እሰሩበት። ያ ፍሬ ሙሉ ለሙሉ እስኪቀላ ይቆይ፤ ዘሩ በጥላ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ከተቀመጠ ሁለት ዓመት በደህና ይቆያል።