ዓባይ የሚሰናበትበት አገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የወለጋን ደጋ አልፎ ባምባሲ ሲደርስ፣ የታረሰው ማሳ እየሳሳ፣ ሣሩ እየረዘመ፣ በየኮረብታው ግርጌም ሽመል የተባለው የቆላ ቀርከሃ እየበዛ መሔዱን ያስተውላል። ከዚያ ጥቂት እልፍ ቢል ከ1500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችውን፣ በማንጎ ዛፍ ጥላ የተከበበችውን አሶሳን ያገኛል። ከአሶሳ ወዲያ ምድሩ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሙቀቱም ከቁልቁለቱ ጋር ይጨምራል።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል 50 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ዓባይ በመካከሉ ሰንጥቆ ያልፋል። ከወንዙ በስተ ሰሜን ያለው መተከል ቀድሞ የጎጃም፣ በስተ ደቡብ ያለው አሶሳ ደግሞ የወለጋ ግዛት ነበረ፤ ሁለቱን በአንድ አስተዳደር ሥር ያዋለው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ሥርዐት ነው። ካርታ በወረቀት ላይ በቀላሉ ይገጣጠማል፤ ከመተከል ወደ አሶሳ ጉዳይ ያለው ሰው ግን ድልድይ እስኪገኝ ድረስ ለብዙ ዘመን በሌላ ክልል ዞሮ መምጣት ግዴታው ነበር።

የዚህ አገር ዜና መዋዕል ከወርቁ ተለይቶ አይነገርም። ኦሪት ዘፍጥረት ወርቁን ለኤፌሶን፣ የኢትዮጵያን ምድር መክበብን ደግሞ ለግዮን ቢሰጥም፣ አባቶቻችን ግዮን ባሉት በዓባይና በገባሮቹ አሸዋ ውስጥ ወርቅ እንደማይታጣ የዚህ አገር ሕዝብ የሆኑት የቤርታ ሴቶች ከሊቃውንቱ ሁሉ አስቀድመው ያውቁ ነበር። በመንጌና በሸርቆሌ ወንዞች ዳር፣ አሸዋውን በእንጨት ገበታ ላይ ዘግነው በውኃ ሲያሽከረክሩት፣ ቀላሉ ጭቃና አሸዋ ከጠርዙ እየፈሰሰ ይወጣል፣ ከባዱ ወርቅም በገበታው ጎድጓዳ ሥፍራ ይቀራል፤ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ለድኻ እስካሁን አልተገኘለትም።

ወርቁ ለሕዝቡ በረከት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ልጁን እስማኤልን በዛሬዋ ሱዳን ወዳሉት ወደ ሴናርና ወደ ፋዞግሊ የሰደደው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር፤ ኋላም በእርጅናው ዘመን ራሱ እስከ ፋዞግሊ ድረስ መጥቶ የወርቁ መጠን ከተስፋው እጅግ ቢያንስበት አዝኖ ተመልሷል። ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ ራስ መኰንን በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ዘምተው አገሩን አስገበሩ፤ ከአገሩ ገዦች ዋነኛው የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰንም ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከታሰሩ በኋላ፣ ምሕረት አግኝተው የወርቅ ግብር እየከፈሉ እንዲገዙ ተሾሙ፤ በመዲናይቱም ሸጎሌ የተባለው ሰፈር እስከ ዛሬ ስማቸውን ይዟል። ይህን ሁሉ ሲተርኩ የባሪያውን ንግድ በለሆሳስ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም ተገቢ አይደለም፤ የግብፅ ጦርም፣ የአገሩ ሼሆችም፣ የደጋው መሳፍንትም የዚህ አገር ሕዝቦች የሆኑትን ጉሙዙን፣ ማኦውንና ኮሞውን ከመንደሩ እያፈለሱ ሸጠውታልና። ነገሩ በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። በእኔ አስተያየት፣ ወደዚህ ምድር ከመጣው ሁሉ የሚበልጠው አንድ ነገር ሊወስድ እንጂ ሊተዋወቅ የመጣ አልነበረም።

ለመተዋወቅ ለመጣው ግን የሚያገኘው ብዙ ነው። ቤርታዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ በልሳናቸው ውስጥ ዐረብኛ ተቀላቅሎበታል፤ ከሁሉ የሚደነቀው ግን ዋዛ የተባለው የነፋስ መሣሪያቸው ነው። ዋዛ ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ፣ ትልቁ ከሰው ቁመት የሚተካከል መለከት ሲሆን፣ በመጠን እየተበላለጠ በርከት ብሎ በአንድነት ይነፋል። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ነፊ ተራው ሲደርስ ያችኑ አንዲት ድምፁን ያሰማና ዝም ይላል፣ ዜማውም ከዚህ ቅብብሎሽ ይወለዳል። በማሕሌት ግራና ቀኝ ቆመው የሚቀባበሉትን ደብተራዎች ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ነገር ግን ከደብተራዎቹ አንዱ ዜማውን በሙሉ ብቻውን ሊያዜመው ሲችል፣ ከዋዛ ነፊዎች አንዱ እንኳ ለብቻው ዜማ ሊኖረው አይችልም። አንዱ ቢጎድል ዜማው ይቀደዳል። በመከርና በሠርግ ጊዜ ነፊዎቹ እየዞሩ ሲጫወቱ መስማት፣ አሶሳ ድረስ የተከፈለውን ድካም ሁሉ የሚክስ ነው።

ጉሙዞች በመተከልና በካማሺ ቆላ ይኖራሉ። መሬቱ የጎሳው እንጂ የግለሰብ አይደለም፤ ቁጥቋጦውን መንጥረው በእሳት ካጸዱ በኋላ ማሽላና ዳጉሳ ይዘሩበታል፣ ኃይሉ ሲደክምም አሳርፈውት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በሬ ጠምዶ ከማረስ ይልቅ በእጅ መቆፈሩ የበዛበትን ምክንያት ስንፍና አድርጎ የሚያወራ ደገኛ አጋጥሞኛል፤ በዚህ ቆላ ግን የቆላው ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለ በሽታ ከብቱን ይፈጃልና፣ የበሬ እርሻ እዚያ የሚጠና ነው። በጉሙዝ ሴት ትከሻ ላይ ግራና ቀኝ ሸክም የተንጠለጠለበትን እንጨት ማየት ለእንግዳ ዓይን አዲስ ነው፤ ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የጋብቻቸው ሥርዐት ነው። በጥንቱ ልማድ ሚስት የሚሻ ወንድ ጥሎሽ አይከፍልም፤ እኅቱን ወይም የቅርብ ዘመዱን ለሚስቱ ወንድም ይሰጣል። ሁለት ቤተ ሰቦች በዚህ እኩል ይተሳሰራሉ፣ የአንደኛው ትዳር ሲፈርስ ግን ሁለተኛውም ይናጋል፣ ጠቡም ወደ ጎሳ ይዛመታል። የልጃገረዲቱ ፈቃድ በዚህ ሚዛን ላይ አለመቀመጡ የሥርዐቱ ትልቁ ጉድለት ነው፤ ልማዱም ዛሬ እየቀረ መምጣቱ ስለዚህ ነው።

ቦሮ ሺናሻዎች በወምበራ፣ በቡለንና በድባጢ ሲኖሩ፣ ልሳናቸው እጅግ ርቆ ካለው ከከፋ ልሳን ጋር ይዛመዳል፤ ዘመን መለወጫቸውን ጋሪ ዎሮንም በመስከረም ያከብራሉ። በቶንጎ በኩል ያሉት ማኦና ኮሞ ደግሞ ጎረቤታሞች ሳሉ ቋንቋቸው ከሁለት የማይገናኙ ግንዶች የተቀዳ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌሎች አውራጃዎች ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ የተወሰዱት ሠፋሪዎች ልጆችም ዛሬ አገራቸው ይኸው ነው፤ የፓዌ መንደሮችም እስካሁን በቁጥር ይጠራሉ። በነዚህ ሁሉ መካከል ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በካማሺና በመተከል የብዙ ንጹሓን ደም ፈስሷል።

ስለ ሽመሉም ጥቂት ልበል። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን፣ የዚህ ቆላ ሽመል ግን ውስጡ ድፍን ስለሆነ ለቤት ማገርም፣ ለጎተራም፣ ለአልጋም ይበረታል፤ በክረምት የሚበቅለውን ጨቅላውንም ሰዉ ቀቅሎ ይበላዋል። ጠባዩ ግን እንግዳ ነው፦ ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ይኖርና አንድ ጊዜ ሁሉም በአንድነት አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። ያን ጊዜ ደኑን ሰደድ እሳት ካገኘው መልሶ ለመነሣት ይቸገራል።

ወደ ወንዙ ልመለስና፣ ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የወሰን ውል፣ ያለ ስምምነት የዓባይን ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ ቃል ገብተው ነበር። ያም ሆኖ ወንዙ ከአገራችን በሚወጣበት በጉባ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ፣ 1780 ሜትር ርዝመትና 145 ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ ከኋላው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ንጋት የተባለው ይህ ሐይቅ ወደፊት ጎብኚን እንደሚስብ አያጠራጥርም፤ ውኃው በተኛበት ሥፍራ የነበሩት የጉሙዝና የቤርታ መንደሮች ግን ወደ ሌላ ቦታ እንደ ተዛወሩ የሚጎበኘው ሁሉ ይወቅ።

ጥንተ ነገርን የሚወድ ሰው፣ የስፔን ሊቃውንት የድንጋይ መሣሪያ ቆፍረው ያወጡባቸውን በአሶሳ አካባቢ ያሉትን የቃባንና የቤል ቁርቁሙን የዐለት መጠለያዎች ይጠይቅ። ለጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ በክረምት የገጠሩ መንገድ ይበላሻል፣ ወባውም ይበረታልና አጎበር መያዝ ይገባል። ወደ ጠረፉ ኩርሙክም ሆነ ወደ ጉባ ከመውጣቱ በፊት፣ መንገደኛው የመንገዱን ደኅንነት አሶሳ ላይ ሳያጣራ አይነሣ፤ መንደር ሲደርስም ከፎቶግራፍ መሣሪያው አስቀድሞ ለሽማግሌዎቹ ሰላምታ ያቅርብ።