ገዳዩ በትኬት፣ ሟቾቹ በነጻ

ካምፓላ ላይ የገዳዩን መቃብር ለማየት ይከፈላል፤ ሟቾቹ የተቃጠሉበትን ስፍራ ለመሳለም ግን አይከፈልም። የቡጋንዳው ንጉሥ፣ በአገሬው አጠራር ካባካ፣ ሙዋንጋ ዳግማዊ ያረፈው ካሱቢ ኮረብታ ላይ ነው። እንግሊዞች ወደ ሲሼልስ አግዘውት በዚያው በ1903 ሞተ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አጽሙ በ1910 ተመልሶ ከአባቱ ከሙቴሳ አጠገብ ተቀበረ። ዩኔስኮ ካሱቢን በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ጎብኚ የሚገባውም ከፍሎ ነው።

ሙዋንጋ ክርስትናን አንተውም ያሉትን የቤተ መንግሥቱን ወጣት አገልጋዮች ከ1885 እስከ 1887 ባለው ጊዜ አስገድሏል። ቻርልስ ሉዋንጋና ጓደኞቹ በሸምበቆ ምንጣፍ ተጠቅልለው የተቃጠሉት ጁን 3 ቀን 1886 ናሙጎንጎ በሚባል መንደር ነው። ከሰማዕታቱ 22ቱ ካቶሊኮች፣ 23ቱ አንግሊካኖች ነበሩ። ሮም ካቶሊኮቹን በ1964 ቅዱሳን ብላ ሰየመቻቸው። የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ በ1969 ራሳቸው መጥተው ስፍራውን ባረኩ፤ በሥልጣን ላይ ያለ የሮማ ጳጳስ ከሰሐራ በታች ያለውን የአፍሪካ ምድር ሲረግጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ እዚያ ያለው ባዚሊካ በባጋንዳ ባህላዊ ጎጆ ቅርጽ የተሠራና በ22 ምሰሶዎች የቆመ ነው። ምሰሶዎቹ በካቶሊኮቹ ሰማዕታት ቁጥር ልክ ናቸው።

በየዓመቱ ጁን 3፣ በእኛ ግንቦት 26፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከሩዋንዳና ከኡጋንዳ ዳር ዳር የተነሣ ሕዝብ እዚህ ይጎርፋል። ብዙው በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ቀናት፣ አንዳንዱም ሳምንታት ተጉዞ። በባዚሊካው አጠገብ ካለው ኩሬ እንደ ፀበል በጀሪካን ውኃ ቀድቶ ይመለሳል። ይህን ሕዝብ በር ላይ አስቁሞ ትኬት መቁረጥ ለማንም የሚታሰብ አይደለም። ክርክር ካለ የሚነሣው በሌላው ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ በአንድ ተራ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ካሜራ አንግቶ ስለሚመጣው እንግዳ።

ዙሪያውን ላየ፣ ይህ እንግዳ ይክፈል አይክፈል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይገርምም። አሮጌው ካምፓላ ኮረብታ ላይ ያለው ትልቁ መስጊድ፣ ብዙዎች ዛሬም ጋዳፊ መስጊድ የሚሉት፣ ጎብኚን ያስከፍላል፤ ለሴቶች መሸፈኛ ያውሳል፤ ሚናሬው ላይ ወጥተው ከተማዋን እንዲያዩም ያደርጋል። ናሙጎንጎ ውስጥም ከካቶሊኩ ስፍራ ብዙ ሳይርቅ ያለው የአንግሊካኖች ሙዚየም የመግቢያ ክፍያ አለው። መንግሥትም ቢሆን ለአገሬውና ለባዕዱ የተለያየ ዋጋ መቁረጥን ለምዶታል። ጎሪላ ለማየት የውጭ ጎብኚ 800 ዶላር ሲከፍል፣ የምሥራቅ አፍሪካ ዜጋ የሚከፍለው 300,000 ሽልንግ ነው። እንግዲህ አንድ የናሙጎንጎ ወይም የሩባጋ ቄስ “እኛስ?” ቢል ምን ይፈረድበታል? የካምፓላው የካቶሊኮች ካቴድራል ሩባጋ ከ1925 ጀምሮ የቆመ ነው፤ ጣሪያውም ግድግዳውም እንክብካቤ ይፈልጋል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ እዚህ ላይ አጭር ነው። በ1983 የወጣው የቀኖና መጽሐፍ በቁጥር 1221 የሚያዝዘው፣ በቅዳሴና በሌላ ሥርዓት ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት ክፍትና ነጻ እንዲሆን ነው። ስለ ቀሪው ሰዓት ዝም ይላል። በአውሮፓም ክርክር የተነሣው በዚሁ በቀሪው ሰዓት ላይ ነው።

ሮም ላይ በ2023 ፓንቴዮንን ለመጎብኘት የ5 ዩሮ ክፍያ ተጀመረ። ከገቢው 70 በመቶው ለኢጣልያ የባህል ሚኒስቴር፣ 30 በመቶው ለሮም ሀገረ ስብከት ነው። የሮም ነዋሪና አስቀዳሽ አይከፍሉም። ፓንቴዮን ከ609 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስሙም የሰማዕታት ማርያም። ስለዚህ የሮም የሰማዕታት ቤት በትኬት፣ የካምፓላው በነጻ ሆኗል ማለት ነው። ፓሪስ ደግሞ እምቢ አለች። በ2024 የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር ራሺዳ ዳቲ ኖትርዳምን ከሚጎበኙ ቱሪስቶች 5 ዩሮ ቢሰበሰብ በዓመት 75 ሚሊዮን ዩሮ ይገኛል ብለው ነበር። የፓሪስ ሀገረ ስብከት ካቴድራሉ ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ አልተቀበለም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ላሊበላ የኦርቶዶክስ እንጂ የካቶሊክ ባይሆንም፣ ከውጭ ጎብኚ ለዓመታት 50 ዶላር ሲቀበል ኖሯል፤ ሀበሻው በነጻ ይገባል። የጣና ገዳማትም እንደየአቅማቸው ያስከፍላሉ። ገንዘቡ ቄሱንም፣ ድሃውንም፣ ከተማውንም ጠቅሟል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን ሁለት ነገር አሳይቶናል። አንደኛው፣ ትኬት ቆራጭ እምነትን አይመረምርም፤ የሚያየው ፓስፖርትና መልክ ነው። ከሩቅ አገር ሊሳለም የመጣ ባዕድ አማኝ ቱሪስት ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ የአገር ልጅ እንደ ተሳላሚ ይታለፋል። ሁለተኛውን ያሳየን ክፉ ቀን ነው። በ2020 ኮቪድ፣ በ2021 ጦርነት ሲመጣ ባለ 50 ዶላሩ እንግዳ ጠፋ፤ በትኬቱና በእንግዳው ተደግፎ የቆመው ኑሮ ሁሉ አብሮ ወደቀ። ገና በመጣ ቁጥር ደጁን የሚሞላው ያው ነጠላ ለባሹ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፍሎ አያውቅም።

ናሙጎንጎ ላይ ተሳላሚና ጎብኚን መለየት ከላሊበላም ይከብዳል። ከናይሮቢ በእግሩ የመጣው ኬንያዊ የውጭ ዜጋ ነው። በአውቶቡስ የመጣው ጀርመናዊ ጡረተኛ ተንበርክኮ ሊያለቅስ ይችላል። መሠዊያው ራሱ ሉዋንጋ ተቃጠለበት በሚባለው ቦታ ላይ የቆመ ነው፤ ታዲያ መቅደሱ ከየት እስከ የት፣ ሙዚየሙ ከየት እስከ የት ነው ሊባል ነው? በእኔ በኩል ለሙዚየም፣ ለማማ፣ ለአስጎብኚ፣ ለመኪና ማቆሚያ ቢከፈል ቅር የሚለኝ ነገር የለም። እነዚህ አገልግሎት ናቸው፤ አገልግሎት ደግሞ ዋጋ አለው። በሩ ግን አገልግሎት አይደለም። የወጣቶቹ ታሪክ “አልክድም” በሚል ቃል ያለቀ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ አማኝ መሆንህን ለዘበኛ አስረዳ ማለት ደግ አይመስለኝም።

ነጻ በር ማለት ባዶ ሣጥን ማለት እንዳይሆን ግን የሚገባው ሰው ድርሻ አለበት። ወደ ናሙጎንጎ የምትሄዱ ካላችሁ በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ አትጠብቁ። ሙዳየ ምጽዋቱ ያለው ከውስጥ ነው፤ ሽልንግ መንዝራችሁ ግቡ።